ከረጢት ላይ ያተምኩት ቀለም በጣት ይላጣል፤ ምን ይሻለኛል? (ኮምቦልቻ)

ቦርከና ማተሚያ (ኮምቦልቻ)፣ ሰኞ ጠዋት 3፡10

ሰላም ለሁላችሁ። የወሎ ልጆች ካላችሁ ደግሞ ልዩ ሰላምታ።

ኮምቦልቻ ውስጥ ትንሽ የላስቲክ ማተሚያ አለኝ። ባለ ሁለት ቀለም ፍሌክሶ ማሽን ነው። ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶና ማር ለሚያሽጉ ሰዎች ስማቸውንና ስልካቸውን ከረጢታቸው ላይ አትምላቸዋለሁ።

ችግሬ ይህ ነው። ከሐይቅ በኩል ማር እያሸገች የምትሸጥ ደንበኛ አለችኝ። 3 ሺህ ከረጢት አተምኩላት። በሁለተኛው ሳምንት አንድ እሽግ ይዛ ተመለሰች። ምንም አልተናገረችም። ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግታ በአውራ ጣቷ አንዴ አሸት አደረገችው። «ማር» ከሚለው ላይ «ማ» ተነሥቶ ጣቷ ላይ ቀረ። እኔም ዝም አልኩ። ምን እላለሁ?

ያላደረግኩት የለም። ቀለም ቀየርኩ። ማቅጠኛውን ቀነስኩ። ማድረቂያውን አሞቅኩ። አንዱ ጥቅል ላይ ጥሩ ይይዛል፤ ሌላው ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሣል። ቀለሙ ያው፣ ማሽኑ ያው፣ የሚሠራውም እኔው ነኝ። ፊልሙ፣ ማለትም የማትምበት ስስ ላስቲክ፣ 60 ማይክሮን ፖሊኤትሊን ነው። ሻጩ «ትሪት የተደረገ ነው» ብሎኛል። ምን ማለት እንደሆነ ሳልጠይቅ ነው የገዛሁት።

የገባችሁ ካላችሁ እርዱኝ። የሰው ስም ያለበት ከረጢት ነው። እንቅልፍ ነስቶኛል።


ባቲ ሰኞ (ባቲ)፣ ሰኞ 4፡05

አብሽር ወንድሜ። ቀለሙ ነው። ርካሽ ቀለም ሁሉ እንዲህ ነው። ወደድ ያለውን ግዛና ሞክር።


ቦርከና ማተሚያ (ኮምቦልቻ)፣ ሰኞ 4፡20

ውዱንም ሞክሬዋለሁ። ለውጥ የለውም።


የጥቅል ሰው (አዲስ አበባ፣ ትውልድ ውጫሌ)፣ ሰኞ ቀን 6፡40

ቀለሙን ለጊዜው ተወው ልጄ። ችግሩ ያለው ፊልሙ ፊት ላይ ነው። የላስቲክ ፊልም በሚነፋ ፋብሪካ 14 ዓመት ሠርቻለሁ። ይህ ነገር ስንቱን አታሚ እንዳስለቀሰ አይቻለሁ።

ፖሊኤትሊን በተፈጥሮው ፈሳሽ አይቀበልም። አንድ ገጽ ፈሳሽን የመያዝ አቅሙ በዳይን ይለካል። ፖሊኤትሊን 31 ዳይን ገደማ ነው። ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው ሌላው የላስቲክ ዓይነት ከዚያም ትንሽ ዝቅ ይላል። ውሃ ራሱን አንድ ላይ አጥብቆ የሚይዝበት ኃይል ደግሞ ከ72 ዳይን በላይ ነው። እንዲህ ያለ ፈሳሽ ደካማ ፊት ላይ ሲያርፍ አይዘረጋም፤ ይሰበሰባል። ጠዋት ጎመን ቅጠል ላይ ጤዛ ተሰብስቦ አይተህ የለ? እንደዚያ ማለት ነው። ያንተ ቀለም በአልኮል የሚቀጥን ከሆነ ከውሃ ይሻላል። ግን እሱም ቢሆን ፊልሙ 38 ዳይን አካባቢ እንዲሆንለት ይፈልጋል። በውሃ ለሚቀጥን ቀለም 42 እና ከዚያ በላይ እንል ነበር።

እንግዲህ ትሪት ማድረግ ማለት ይህን ቁጥር ከፍ ማድረግ ነው። ፊልሙ ተነፍቶ ከመጠቅለሉ በፊት በሮለርና በኤሌክትሮድ መካከል ያልፋል። ክፍተቱ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ነው። እዚያ ክፍተት ውስጥ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት፣ በሴኮንድ ከ10 ሺህ ጊዜ በላይ እየተመላለሰ፣ አየሩን ያበራዋል። መብራት አጥፍተህ ብታየው ሐምራዊ ነው። ያ ብርሃን ፕላዝማ ነው። ዘዴውን ኮሮና እንለዋለን፤ በሽታው ከመምጣቱ በፊት ጀምሮ ስሙ ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 ቬርነር አይስቢ የሚባል ዴንማርካዊ የፈጠረው ነው።

አሁን አንድ ሥራ ልስጥህ። ከሚይዘውም ከማይይዘውም ጥቅል መዳፍ የምታህል ቁረጥ። በሁለቱም ፊት ላይ ንጹሕ ውሃ ጠብ አድርግ። የምትሞክረውን ፊት በጣትህ እንዳትነካው፤ የእጅ ቅባት ያሳስትሃል። ያየኸውን ጻፍልን።


ጦሳ ሥር (ደሴ)፣ ሰኞ ቀን 8፡15

ጋሼ፣ እኔ ደሴ ውስጥ ሽሮና በርበሬ አሽጋለሁ። ማተም አላውቅም፤ ግን ያሉት ገባኝ። ምጣድ በጎመን ዘር ካላሰስነው እንጀራው ይይዛል። ካሰስነው ይነሣል። ታዲያ ይህ ፊልም ታስሶ የመጣ ምጣድ ነው ማለት ነው?


የጥቅል ሰው፣ ሰኞ ቀን 8፡50

እንዴት ያለ ጥሩ አባባል ነው እህቴ! እኔ ይህን ያህል ዓመት ለሠልጣኞች ሳስረዳ እንዲህ አላልኩትም። ፖሊኤትሊን ሳይታሰስም አይይዝም። ግን በላዩ ላይ በእርግጥ ያስሱታል። ፊልሙ ከፊልም ጋር እንዳይጣበቅ፣ ከረጢቱ በቀላሉ እንዲከፈት ብለው ስሊፕ የሚባል ሰም መሳይ ነገር ከጥሬ ዕቃው ጋር ይቀላቅላሉ። እሱ ውስጥ አይቀመጥም። ቀስ እያለ፣ በቀናትና በሳምንታት፣ ወደ ላይ ይወጣል። ሲሞቅ ደግሞ ይፈጥናል። ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።


ቦርከና ማተሚያ (ኮምቦልቻ)፣ ሰኞ ማታ 1፡30

ጋሼ፣ እንዳሉኝ አደረግኩ። ከሦስት ጥቅል ቆረጥኩ። ልጄ ከመድኃኒት ቤት በገዛናት መርፌ አልባ ሲሪንጅ ውሃውን ጠብ አደረገችልኝ።

የመጀመሪያው፣ ቀለም የሚይዘው ጥቅል ነው። በውጭ ፊቱ ላይ ጠብታው እንደ ምስር ጠፍጠፍ ብሎ ተኛ። በውስጥ ፊቱ እንደ አተር ክክ ጉብ ብሎ ቆመ።

ሁለተኛው የማይይዘው ነው። በውጭ ፊቱ ላይ የአተር ክክ ነው። በውስጥ ፊቱ ግን ምስር! ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ያው ነው።

ሦስተኛውም የማይይዝ ነው። በሁለቱም ፊት የአተር ክክ። ዘንበል ሳደርገው ጠብታው ምንም ሳያረጥብ ተንሸራቶ ወረደ።

ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ሦስቱም በዓይን ሲታዩ አንድ ናቸው።


የጥቅል ሰው፣ ሰኞ ማታ 2፡10

ጎበዝ። በል አሁን ሁለት የተለያየ በሽታ ነው ያለብህ።

ሁለተኛው ጥቅል ደኅና ነው። የታከመው፣ ማለትም ትሪት የተደረገው፣ ፊቱ ወደ ውስጥ ሆኖ ነው የተጠቀለለው። ሲሰነጠቅ ወይም እንደገና ሲጠቀለል ተገልብጧል። አንተ ባልታከመው ፊት ላይ ነው ስታትም የከረምከው። ገልብጠህ ጫነው፣ ይይዝልሃል።

ሦስተኛው ግን ወይ ከመጀመሪያው አልታከመም፣ ወይ ሕክምናው ሞቷል። ስንት ጊዜ አስቀመጥከው? የት?


ቦርከና ማተሚያ (ኮምቦልቻ)፣ ሰኞ ማታ 2፡25

አምስት ወር ይሆነዋል። ዋጋ ሊጨምር ነው ሲባል አብዝቼ ገዛሁ። መጋዘኔ ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ ነው። የኮምቦልቻን ፀሐይ ያውቁታል።


ካምፓስ (ኮምቦልቻ)፣ ሰኞ ማታ 3፡00

ይቅርታ ጣልቃ ልግባ። እዚሁ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ኬሚካል ምሕንድስና ተማሪ ነኝ። ለምን እንደሚሞት ልናገር፤ በጣም የምወደው ርዕስ ስለሆነ ነው።

ፕላዝማ ስንል የእኛ ዕድሜ ሰው መጀመሪያ ትዝ የሚለው የሃይስኩሉ ቴሌቪዥን ነው። ስሙ በከንቱ አልተሰጠውም። ስክሪኑ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ክፍሎች የሚያበሩት ጋዝ ወደ ፕላዝማ ሲለወጥ ነው። ቃሉን ለእንዲህ ያለ ጋዝ የሰጠው አሜሪካዊው ኢርቪንግ ላንግሙር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1928። ጋዝ በቂ ኃይል ሲያገኝ ኤሌክትሮኖቹ ከአተሞቹ ይላቀቃሉ። እነዚያ ነፃ ኤሌክትሮኖች እየሮጡ ያገኙትን ይመታሉ።

ፖሊኤትሊን ረጅም የካርቦን ሰንሰለት ነው፤ ዙሪያውን ሃይድሮጅን ብቻ ነው ያለው። ውሃም ቀለምም የሚጨብጠው ነገር የለውም። ኮሮናው ውስጥ ሲያልፍ ከላይ ያሉት አንዳንድ የካርቦንና የሃይድሮጅን ትስስሮች ይበጠሳሉ። በክፍተቱ ውስጥ የአየሩ ኦክስጅንም ተሰባብሮ ይጠብቃል። በተበጠሰው ቦታ ይገባና ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ ያ ፊት ኦክስጅን ያለበት ነው። ቀለሙ የሚይዘው እጀታ አገኘ ማለት ነው።

የሚገርመኝ ጥልቀቱ ነው። የሚለወጠው ከላይ 10 ናኖሜትር ቢሆን ነው። የእርስዎ ፊልም 60 ማይክሮን ነው፣ ማለትም 60 ሺህ ናኖሜትር። ከ6 ሺህ አንድ እጅ! ማሩን የሚሸከመው ፊልሙ ሙሉ ነው፤ ቀለሙን የሚይዘው ግን ያቺ አንድ እጅ ናት። ስለዚህ በቀላሉ ትጠፋለች። ሰንሰለቶቹ ይንቀሳቀሳሉ፣ ኦክስጅን ያለበት ጎናቸው ወደ ውስጥ ይዞራል። እትዬ ያሉት ማሰሻም ከታች ይወጣና ይሸፍነዋል። ሙቀት ሁለቱንም ያፋጥናል። የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ አምስት ወር በጣም ብዙ ነው።

ነገ ከሰዓት ክፍል የለኝም። ፈቃድዎ ከሆነ መጥቼ ጠብታውን በስልኬ ከጎን ላንሣው። ከፎቶው ላይ ማዕዘኑን መለካት ይቻላል። ላልታከመ ፖሊኤትሊን ከ90 ዲግሪ በላይ መሆን አለበት።


ቦርከና ማተሚያ (ኮምቦልቻ)፣ ሰኞ ማታ 3፡15

ና የኔ ወንድም። ቡና አፍልተን እንጠብቅሃለን።


ባቲ ሰኞ (ባቲ)፣ ማክሰኞ ጠዋት 2፡40

ቀለሙ ነው ያልኩት ስህተት ነበር፣ አፉ በሉኝ። አሁን አንድ ነገር ልጠይቅ። የሚያስፈልገው ብልጭታ ከሆነ ለምን ራሳችን አንሠራውም? አንድ ኤሌክትሪሺያን ጓደኛ አለኝ፣ ከመኪና ኮይል እሠራዋለሁ ይላል። ወይስ የጋዝ እሳት ቶሎ ቢያሳልፉበትስ?


የጥቅል ሰው፣ ማክሰኞ ጠዋት 4፡00

እሺ እንዳትሉ። በአላህ፣ በእግዚአብሔር ይዣችኋለሁ።

የማተሚያ ክፍሉ በአልኮል ተን የተሞላ ነው። ከክፍት ቀለም ገንዳ አጠገብ ብልጭታ መለኮስ ቤት ማቃጠል ነው። ከፋብሪካ የሚመጣው ማሽን ኤሌክትሮዱ በሽፋን የተዘጋ ነው። አየሩ ተስቦ በቱቦ ወደ ውጭ ይወጣል። ሽፋኑ ሲከፈት ኃይሉ ራሱ ይቋረጣል። ቤት ውስጥ የተሠራ ከፍተኛ ቮልት ይህ ሁሉ የለውም። አንድ ጊዜ እጅ ከገባ መመለሻ የለውም።

ሌላው ኦዞን ነው። መብረቅ ከጣለ በኋላ የሚሸተውን ሽታ ታውቁታላችሁ? እሱ ነው። ኮሮና ሲሠራ ሁልጊዜ ይፈጠራል። ሳንባ ይጎዳል። በሥራ ቦታ የሚፈቀደው በአየሩ ውስጥ ከ10 ሚሊዮን አንድ እጅ ብቻ ነው። እኔ በጀማሪነቴ የመሳቢያው ቱቦ የተቀደደበት ማሽን ላይ ሠርቻለሁ። ማታ ማታ ሳል ነበር። ደረቴ ሲቃጠል ብርድ ነው እያልኩ ስንት ወር ቆየሁ። ኃላፊው ቱቦውን ለማስጠገን ስንለምነው ነገ ነገ ይል ነበር። ያን ሽታ የሸተታችሁ ቀን ማሽኑን አቁሙ።

እሳቱን በተመለከተ፣ በእሳት ማከም የሚባል እውነተኛ ዘዴ አለ። ለጠርሙስና ለወፍራም ፕላስቲክ ይጠቀሙበታል። ነበልባሉ የሚስተካከለው አየሩና ጋዙ ተመጥኖ ነው። የ60 ማይክሮን ፊልም ግን ከ105 እስከ 115 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። በእጅ የተያዘ እሳት ያኮማትረዋል።


ጨርቃ ጨርቅ (ኮምቦልቻ)፣ ማክሰኞ ቀን 6፡15

እኔ ፋብሪካ ውስጥ ማጠቢያ ክፍል ነኝ። ይህ ነገር ከእኛም ሥራ ጋር ይገናኛል። አዲስ ነጠላ መጀመሪያ ቀን ውሃ አይጠጣም አይደል? ፊት ሲያብሱበት ውሃውን ያንሸራትተዋል። ጥሬ ጥጥ ላይ ሰም ስላለ ነው። እኛ በሶዳና በፈላ ውሃ እየቀቀልን ነው የምናወጣው። ብዙ ውሃና ነዳጅ ይበላል። በፕላዝማ ያንን ሰም በደረቁ ማንሣት ይቻላል ሲባል ሰምቼ ነበር፤ እዚህ ሳነብ አሁን ገባኝ።


ካምፓስ (ኮምቦልቻ)፣ ማክሰኞ ማታ 2፡00

ትክክል ነዎት። ለጥጥ የተሞከረ ዘዴ ነው። አንዳንዱ ፕላዝማ አየሩ በፓምፕ ተስቦ በወጣለት ዝግ ዕቃ ውስጥ ይሠራል። እዚያ ውስጥ ኦክስጅን፣ አርጎን ወይም ናይትሮጅን መርጦ ማስገባት ይቻላል። ሥራው ንጹሕና እኩል ነው። ግን ዕቃው እየተከፈተ እየተዘጋ ስለሆነ በደቂቃ ብዙ ሜትር ለሚሮጥ ጥቅል አይመችም። ለዚያ ነው የከረጢት ፋብሪካዎች ኮሮናን የሚመርጡት።

ዛሬ ቦርከና ማተሚያ ሄጄ ነበር። ቡናው ሦስተኛው ድረስ ተጠጥቷል፣ ተባረኩ። ፎቶዎቹን ለካሁ። ሦስተኛው ጥቅል በሁለቱም ፊት 97 እና 98 ዲግሪ ነው። የመጀመሪያው ጥቅል ውጭ ፊቱ 71 ነው። በስልክ የተነሣ ስለሆነ ጥቂት ዲግሪ ሊሳሳት ይችላል፤ ልዩነቱ ግን አያከራክርም።

አንድ ነገር ልጨምር። ያገለገለ ኮሮና ማሽን ለመግዛት ካሰቡ ከፍታችንን ለሻጩ ይንገሩ። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል ከ1,800 ሜትር በላይ ናት። የአየሩ ግፊት ባሕር ጠረፍ ካለው 80 በመቶ ገደማ ነው። ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ከዚያም ያንሳል። አየር ሲሳሳ ኤሌክትሪክን የመከልከል አቅሙ ይቀንሳል፣ ክፍተቱ በአነስተኛ ቮልት ይፈነጥቃል። ማቀዝቀዙም ይደክማል። ስለዚህ ለቆላ ወደብ የተስተካከለ ማሽን እዚህ እንደዚያው ሊሠራ አይችልም።

የማሽኑን ኃይል ደግሞ እንዲህ ያስሉ። ለአንድ ካሬ ሜትር የሚፈልጉትን መጠን በፊልሙ ስፋትና በደቂቃ በሚሮጠው ሜትር ያባዙ። ለምሳሌ መጠኑን 20 ዋት-ደቂቃ እንበል። ስፋቱ ግማሽ ሜትር፣ ፍጥነቱ በደቂቃ 40 ሜትር ከሆነ 400 ዋት ይወጣል።


ቦርከና ማተሚያ (ኮምቦልቻ)፣ ማክሰኞ ማታ 2፡30

ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ። ማሽኑን ባገኝ፣ እንዲይዝ አድርጌ ሁለት ሦስት ጊዜ ባሳልፈውስ? አንዴ ካስቸገረኝ ልጨርሰው ብዬ ነው።


የጥቅል ሰው፣ ማክሰኞ ማታ 3፡10

አይሆንም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሲበዛ ሰንሰለቶቹ ይሰባበሩና ላዩ ላይ ልል ብናኝ መሳይ ሽፋን ይፈጠራል። ዳይኑ 50 ያሳይሃል፣ አንተም ደስ ይልሃል። ቀለሙ ግን የያዘው ያንን ልል ሽፋን ነው። ሽፋኑ ሲነሣ አብሮ ይነሣል። ጥቅሉም እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ ስትፈታው ይቀደዳል። ከረጢቱ በሙቀት ሲታሸግም ስፌቱ ይደክማል። ማር ይዞ ስፌቱ ቢለቅ አስበው።

የኋላ ፊቱንም ተጠንቀቅ። ፊልሙ ሮለሩ ላይ ሳይለጠፍ አየር ከሥሩ ከገባ፣ ያልፈለግኸውም ፊት ይታከማል። ያኔ ተጠቅልሎ ሲያድር ቀለሙ ወደ ጀርባው ይጋባል።

ያረጀ ፊልም ደግሞ እንደ ትኩሱ አይሰማህም። ያን ማሰሻ ለብሶ ስለቆየ ኮሮናው መጀመሪያ የሚመታው እሱን ነው። ሦስተኛውን ጥቅል ላልታተመ ሥራ አውለው፣ ለከሰል መያዣ ይሆናል።

በኔ ምክር አሁን ማሽን አትግዛ። ፊልም ስታዝዝ ሦስት ነገር በጽሑፍ ጠይቅ፦ የታከመበትን ቀን፣ ዳይኑን፣ የታከመው ፊት በየት በኩል እንደሆነ። ስሊፑ ትንሽ የሆነውን ምረጥ። የሁለት ወር ብቻ ግዛ። የዳይን ብዕር፣ ማለትም ፊልሙ ላይ ስታሰምርበት ዳይኑ መድረሱን የሚያሳይህን ብዕር፣ አስመጣ።


ጦሳ ሥር (ደሴ)፣ ረቡዕ ጠዋት 3፡30

እኔ የሚበላ ነገር ነው የማሽገው፣ አንድ ነገር ያሳስበኛል። ይህ ሕክምና በርበሬው ውስጥ ይገባል?


የጥቅል ሰው፣ ረቡዕ ጠዋት 4፡10

ጥሩ ጥያቄ ነው እህቴ። ሕክምናው ራሱ ምንም የሚቀባ ነገር የለውም። ፊቱን ብቻ ነው የሚለውጠው፣ ያውም በውጭ በኩል። መፍራት ያለብሽ ያልደረቀ ቀለም ነው። ቶሎ ተጠቅልሎ የተሰጠ ከረጢት የማቅጠኛ ሽታው ወደ ውስጥ ይገባል። ስትረከቢ አንዱን ክፈቺና አሽትቺው። ከሸተተሽ መልሺው።


ቦርከና ማተሚያ (ኮምቦልቻ)፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ ቀን 9፡00

ሰላም ለሁላችሁ። ዝም ያልኩት ውጤቱን ይዤ ለመምጣት ነው።

ሁለተኛውን ጥቅል ገልብጬ አተምኩበት። ያዘ። አዲሱን ፊልም ጋሼ እንዳሉት በጽሑፍ አዘዝኩ፤ 40 ዳይን፣ ቀኑ ተጽፎበት መጣ። መጋዘኑን ትቼ አሁን ጥቅሎቹን ቤት ውስጥ አልጋ ሥር ነው የማስቀምጠው። ባለቤቴ ታግሳኛለች።

የ38 ብዕር አስመጣሁ። እያንዳንዱን ጥቅል ከመጫኔ በፊት በጠርዙ፣ በመካከሉና በሌላው ጠርዝ ላይ እሰምራለሁ። መስመሩ ሁለት ሴኮንድ ሳይሰበሰብ ከቆየ እጭነዋለሁ። ከታተመ በኋላ ደግሞ ስኮች ለጥፌ ሸረክ አድርጌ አነሣዋለሁ።

የማሯ ደንበኛዬ ትናንት መጣች። 3 ሺውን በነፃ ነው የተካሁላት፣ የእኔ ጥፋት ነበርና። አንዱን አንሥታ በአውራ ጣቷ አሸችው። ቀጥላ በጥፍሯ ፋቀችው። «ማር» እንዳለ ነው። ፈገግ አለች፣ ሌላ 2 ሺህ አዘዘችኝ።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ብቻ። ብዕሩ ላይ ማብቂያ ቀን ተጽፎበታል። ሲያልፍ መጠቀም ይቻላል? ለልጄም ላሳያት ፈልጌ ነበር፣ ትወደዋለች።


የጥቅል ሰው፣ ቅዳሜ ማታ 1፡20

ደስ ብሎኛል ልጄ፣ እጅህ ይባረክ።

ቀኑ ሲያልፍ ጣለው። ውስጡ ያለው ፈሳሽ ይተናል፣ ከፊልሙ ላይም ቆሻሻ ይስባል፤ ቁጥሩ ይዋሽሃል። ክዳኑን ወዲያው ዝጋ። ለልጅቱ ግን አትስጣት። ብዙዎቹ ብዕሮች ፎርማማይድ የሚባል ኬሚካል አለባቸው፤ በቆዳ ይገባል፣ ለነፍሰ ጡር በተለይ ጎጂ ነው። አንተም ጓንት አድርግ። እሷ በሲሪንጇ ውሃ ጠብ ታድርግ፤ የአተር ክክና ምስሩን ከብዕሩ በፊት እሷ ናት ያገኘችው።